የዱር ዳክዬ ጫጩቶችን መመልከትና ፎቶግራፍ ማንሳት

በአገራችን ዶሮ ያላረባ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ እናት ዶሮ በምታሰማው ድምፅ ጫጩቶቿ ሁሉ በቅጽበት ከክንፏ ሥር ሲሰወሩ ያላየ የገጠር ልጅም አይገኝም። በዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ዶሮ የሩቅ ዘመዶች ይሆናል፤ ማለትም ማንም እህል ሳይበትንላቸው፣ ማንም ቆጥ ሳይሠራላቸው በወንዝና በኩሬ ዳር ስለሚያድጉት የዱር ዳክዬ ጫጩቶች ነው። ትምህርቱ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለም። ካለፉት ዓመታት በአንዱ፣ የጸደይን ወራት በሰሜን አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ በሚኖሩ ዘመዶቻችን ዘንድ በእንግድነት ባሳለፍንበት ጊዜ፣ ካሜራ በአንገታችን አንጠልጥለን በየማለዳው ያየነውን፣ በከፊልም የተሳሳትነውን ለአንባብያን ማካፈል ስለ ወደድን ነው።

ቦታው በፖቶማክ ወንዝ ጎን የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው። ይህ ቦይ ከ1828 እስከ 1850 እ.ኤ.አ. የተቆፈረ ሲሆን፣ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በቀድሞው ዘመን የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች በበቅሎዎች እየተጎተቱ ያልፉበት ነበር። ዛሬ ጀልባዎቹ ቀርተው በቅሎዎቹ ይሄዱበት የነበረው መንገድ የእግረኞች ሆኗል። ውኃው በብዙ ስፍራ ዝግተኛና ጥልቀት የሌለው፣ ዳርቻው በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ በመሆኑ ለዳክዬዎች እጅግ ይስማማቸዋል። በዚያ አገር በብዛት የሚታየው የዱር ዳክዬ ማላርድ ይባላል። ወንዱ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ራስና በአንገቱ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለው፤ እንስቷ ግን እንደ ደረቀ ሣር ቡናማና ዥንጉርጉር ናት። በጎጆዋ ላይ ስትተኛ ዓይን እንዳያገኛት የሚሰውራት ይኸው መልኳ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ከፍተኛ የዳክዬ ጩኸትም የእርሷ እንጂ የወንዱ አይደለም። የእርሱ ድምፅ ዝቅ ያለና የሰለለ ነው።

የዘመዶቻችን ልጅ የዘጠኝ ዓመት ብላቴና ነበር። ከመንገዱ አሥር እርምጃ ርቆ በሚገኝ ቁጥቋጦ ሥር አንዲት እንስት ማላርድ ተኝታ ያየው እርሱ ነው። «አጎቴ፣ ሞታ ይሆን?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀን። አልሞተችም፤ ታቅፋ ነበር።

እንስት ማላርድ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 እንቁላል ትጥላለች፤ በየቀኑም አንድ አንድ ነው። አንባቢ «እንግዲያስ በመጀመሪያው ቀን የተጣለው ከመጨረሻው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ መፈልፈል ነበረበት» ይል ይሆናል። ነገር ግን እናቲቱ መታቀፍ የምትጀምረው እንቁላሎቹ ተሟልተው ሊያበቁ ሲሉ ነው። ሙቀት ያላገኘ እንቁላል ውስጡ አያድግምና ሁሉም እኩል ይጀምራሉ፤ ከ26 እስከ 28 ቀን ገደማም በኋላ ሁሉም በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ ማለት ይቻላል። ለጎጆዋ ምንጣፍ የሚሆነውን ለስላሳ ላባ ከገዛ ደረቷ ትነቅላለች። ለመብላት ስትነሣ እንቁላሎቹን በዚያ ላባ ሸፍና ትሄዳለች፤ ሙቀቱም ይቆያል፣ ቁራም አያያቸውም። ወንዱ ግን እርሷ መታቀፍ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ጥሏት ይሄዳል። ብላቴናው ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቆጣ፤ እኛም ለወንዱ የምንከራከርበት ነገር አላገኘንም።

ከመፈልፈላቸው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት የሚሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ጫጩቱ ገና በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል፤ እናቲቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። ጊልበርት ጎትሊብ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እርሳቸው እንዳሳዩት፣ የዳክዬ ጫጩት የወገኑን እናት ጥሪ ከሌላ ወፍ ጥሪ ለይቶ ለማወቅ በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ የራሱን ወይም የወንድሞቹን ድምፅ መስማት ይኖርበታል። ይህን ያልሰማ ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ መለየቱ ይዳከማል። እንግዲህ በተፈጥሮ ብቻ የታወቀ የሚመስለን ነገር እንኳ ከቅርፊት ውስጥ የተጀመረ ትምህርት አለበት ማለት ነው።

ኮንራድ ሎሬንዝ የተባሉት የኦስትሪያ ሊቅ ደግሞ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ናቸው፣ ከእንቁላል የወጡ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት አድርገው እንደሚከተሉ አስተዋሉ። የማላርድ ጫጩቶች ግን ሎሬንዝን አይተው ሸሹ። ምክንያቱን ሲመረምሩ የጎደለው ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሊቁ በሣር ላይ ቁጢጥ ብለው፣ እንደ እናት ዳክዬ ያለማቋረጥ እየጮኹ ለረጅም ሰዓት ዳዴ ማለት ግድ ሆነባቸው፤ ጫጩቶቹም ተከተሏቸው። ቀና ብለው በቆሙ ጊዜ ግን እንደገና ያጧቸው ነበር። በአጥር ማዶ ሆነው ይመለከቱ የነበሩ ሰዎች በረጅሙ ሣር ውስጥ የተሰወሩትን ጫጩቶች ስላላዩ፣ ስለ ሊቁ ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም።

ወደ ቦዩ እንመለስ። ሚያዝያ 17 ቀን ጠዋት ቁጥቋጦው ባዶ ነበር። ቅርፊትና ላባ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በታች በውኃው ላይ እናቲቱ በፊት፣ ጫጩቶቿ በኋላ ሆነው ይዋኙ ነበር። ብላቴናው ሦስት ጊዜ ቆጥሮ በደብተሩ ላይ «11» ብሎ ጻፈ። እያንዳንዳቸው 35 ግራም እንኳ የማይሞሉ፣ ላያቸው ቡናማ፣ ፊታቸውና ሆዳቸው ቢጫ፣ በዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያለፈባቸው ነበሩ። የዳክዬ ጫጩት እንደ እርግብ ጫጩት ዕውርና ራቁቱን ሆኖ አይወለድም። ዓይኑ የተገለጠ፣ ሰውነቱ የለበሰ ነው፤ በተፈለፈለ በአንድ ቀን ውስጥም ጎጆውን ለዘለዓለም ይለቃል። እናቲቱ መብሉን በአፉ አታጎርሰውም፤ መብል ወዳለበት ትመራዋለች እንጂ። በሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል ለመጀመሪያው ቀን ስንቅ ይሆነዋል። ከዚያ በኋላ ትንኝንና ሌሎች ነፍሳትን ራሱ እያሳደደ ይለቅማል። ለሚያድግ ሥጋና ላባ ፕሮቲን ያስፈልጋልና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሣርና ከዘር ይልቅ ነፍሳትን ይበላል። እዚህ ላይ ስለ ዳቦ አንድ ቃል መናገር ይገባል። በየከተማው ሰዎች ለዳክዬ ዳቦ ይወረውራሉ፤ ከደግነት የመጣ ነው። ነገር ግን ዳቦ የጫጩቱን ሆድ ይሞላል እንጂ አጥንቱን አይሠራም፤ የተረፈውም ውኃውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ጥፋታችን ደርሰናል።

ሚያዝያ 19 ቀን ብርሃኑ ያማረ ነበር። ከቤት የወጣነው ፎቶግራፍ ለማንሳት እንጂ ለመመልከት አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜ አላወቅንም። ጫጩቶቹ ከዳር ተጠግተው ይለቅሙ ነበር። የነበረን ሌንስ አጭር ስለ ሆነ በእግራችን ልናስረዝመው ፈለግንና ቀረብን። እናቲቱ መብላቷን አቁማ አንገቷን ቀጥ አደረገች። እኛ ይህን እንደ መልካም አቀማመጥ ቆጥረን አነሣናት። አሁንም ቀረብን። በዚህ ጊዜ ጮኸች፤ ከጫጩቶቿም ተለይታ ክንፏ እንደ ተሰበረ ሁሉ ውኃውን እየመታች ወደ ማዶ ሄደች። እኛም የተጎዳች መስሎን፣ እውነቱን ለመናገር ግን ትዕይንቱ ስለ ማረከን፣ በዳርቻው እየሮጥን ተከተልናት። ከሠላሳ የሚበልጡ ፎቶግራፎች አነሣን።

ክንፏ አልተሰበረም ነበር። አዳኝ ሲቀርብ እናት ማላርድ ራሷን የቆሰለች አስመስላ ከልጆቿ ታርቀዋለች። ቀበሮ በቀላሉ የሚያዝ ሥጋ አገኘሁ ብሎ ይከተላታል፤ በበቂ ከራቀ በኋላ ተነሥታ ትበራለች። እኛም እንደ ቀበሮው ተከተልን። ጫጩቶቹ ግን በዚያ መካከል ተበተኑ። ከፊሎቹ ወደ ሣሩ ገቡ፤ አንዱ ብቻውን ወደ ቦዩ መካከል ወጥቶ በቀጭን ድምፅ ይጣራ ጀመር። በማዶው ዳር ታላቁ ሰማያዊ ሄሮን የሚባለው አንገተ ረጅም ዓሣ በል ወፍ ቆሞ ነበር። መቆሙን እንኳ አላስተዋልንም፤ ያስተዋለው ልጁ ነው። ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ ሆነ።

እናቲቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሳ ሰበሰበቻቸው። ልጁ ቆጠረ። ከዚያም ደብተሩን ዘግቶ «እኛ ባንመጣ ኖሮ?» አለን። ወፉ በሌላ ሰዓት ሊወስደው ይችል እንደ ነበር፣ ከማላርድ ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጡት ለመብረር ሳይደርሱ እንደሚሞቱ ነገርነው። የተናገርነው እውነት ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረም፤ እርሱም ይህን ያወቀ ይመስለናል። ማታ ነገሩን ለልጁ አያት ባጫወትናቸው ጊዜ፣ በልጅነታቸው ዶሮ ጠባቂ ስለ ነበሩ፣ «እናቲቱ አንገቷን ስታቀና ያን ጊዜ መቆም ነበረባችሁ፤ ዶሮም እንዲሁ ናት» አሉን። ከዚያ በኋላ በመጻሕፍት ያገኘነው ምክር ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ።

ስለ ፎቶግራፍ ያገኘነውን ዕውቀት እንግዲህ በአጭሩ እናስቀምጥ። ርቀትን የሚወስነው ሰው ሳይሆን ወፊቱ ናት፤ መብላቷን እስካላቋረጠች ድረስ ያለንበት ስፍራ ደኅና ነው። አንገቷን ካቀናች አንድ እርምጃ መመለስ፣ ከጮኸች መሄድ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ደርሶ በዝቅተኛ ስፍራ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ዳክዬዎች የሚሄድ ሰውን ይሸሻሉ፣ የተቀመጠውን ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይቀርቡታል። መኪና ካለ በመስኮቱ በኩል ማንሳት መልካም ነው፤ ከሰው ይልቅ መኪናን አይፈሩምና። 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው ይጠቀማል፤ የሌለው ደግሞ ጫጩቶቹን ትንንሽ አድርጎ ከውኃውና ከሣሩ ጋር ቢያነሣ የሚኖሩበትን ስፍራ የሚያሳይ፣ አንዳንዴም የተሻለ ሥዕል ያገኛል።

ካሜራው በተቻለ መጠን ወደ ውኃው ወለል ዝቅ ይበል። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ጫጩት የወደቀ ሎሚ ይመስላል፤ በዓይኑ ትክክል የተነሣ ግን እንስሳ ይሆናል። ጫጩቶች እጅግ ፈጣኖች ስለ ሆኑ የመዝጊያው ፍጥነት እስከ ሴኮንድ አንድ ሺኛ ይድረስ። ጥቁር ውኃ ካሜራውን ያታልላል፤ ስፍራው የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፣ ቢጫው ላባም ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ሲሶ ወይም ሁለት ሦስተኛ መቀነስ ያስፈልጋል። ትኩረቱ በዓይን ላይ ይሁን። ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ፀሐይም ከኋላ ትሁን። ብልጭታ ብርሃን አያስፈልግም። የእናትን ጥሪ በስልክ እያሰሙ ጫጩቶችን መጥራት የሚሉት ዘዴ ግን፣ ከላይ ስለ ጥሪው የተናገርነውን ላስተዋለ ሰው፣ ክፉ ማታለል ነው።

ሮበርት ማክሎስኪ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1941 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ስለሚኖሩ የማላርድ ጫጩቶች የልጆች መጽሐፍ ባዘጋጀ ጊዜ፣ ለሥዕሉ ሞዴል እንዲሆኑት ዳክዬዎችን ገዝቶ በኒው ዮርክ መኖሪያው ውስጥ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር፣ ያሳድግ ነበር። አልረጋ ስላሉት ጥቂት ቀይ ወይን እንዳጠጣቸው ራሱ ተናግሯል። ይህን ዘዴ ለአንባብያን አንመክርም። በመጽሐፉ የተሣሉት ዳክዬዎች ሐውልት በ1987 እ.ኤ.አ. በቦስተን የሕዝብ መናፈሻ ቆሟል። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምሳያው ለሞስኮ ልጆች በስጦታ ተልኳል።

በዋሽንግተንም ስለ ጫጩቶች የተነሣ ክርክር እናውቃለን። ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የውኃ ገንዳ ውስጥ በየጸደዩ ዳክዬዎች ይገባሉ። የገንዳው ድንጋይ ዳር ግን ለጫጩቶች እጅግ ከፍ ያለ ነው። እናቲቱ ትወጣለች፣ እነርሱ ግን በውኃው ውስጥ እየዞሩ ይቀራሉ፤ ላባቸው ለረጅም ጊዜ ውኃን ሊቋቋም ስለማይችልም በብርድና በድካም ይሞታሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሕንፃው አስተዳደር ከአንድ የዱር እንስሳት ረዳት ድርጅት ጋር ተመካክሮ የሚወጡባቸው ትንንሽ መወጣጫዎች ሠራ። አንድ የምክር ቤት አባል ይህ የመንግሥት ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ተቃውመው ነበር። እኛ መወጣጫዎቹ ተገቢ ናቸው እንላለን፤ ገንዳውን የሠራው ሰው እንጂ ዳክዬዋ አይደለችምና።

በቦዩ ዳር ሌላም የዳክዬ ዓይነት አለ፤ የእንጨት ዳክዬ ይሉታል። ይህ የሚፈለፍለው በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ከመሬት 15 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በተፈለፈሉ ማግስት እናቲቱ ከሥር ሆና ትጣራለች፤ ጫጩቶቹም አንድ በአንድ ወደ ቀዳዳው አፍ እየወጡ ይዘላሉ። ቀላልና ለስላሳ ስለ ሆኑ መሬት ነክተው ይነጥራሉ፣ ተነሥተውም ይሄዳሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአደንና በደን መመንጠር ምክንያት ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ፣ ከ1930ዎቹም ጀምሮ ሰዎች በየውኃው ዳር የሰቀሏቸው የእንጨት ሳጥኖች አተረፏቸው። በዚያው ሕግ መሠረት የዱር ዳክዬ ጫጩትን ይዞ ወደ ቤት መውሰድ በዚያ አገር ክልክል ነው። ብቻውን የተገኘ ጫጩትም ሁልጊዜ የተተወ አይደለም። እናቲቱ በቅርብ ተሰውራ ሰዎቹ የሚሄዱበትን ትጠብቅ ይሆናል።

የእኛ አገር ምእመናን ማላርድን ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የማላርድ የቅርብ ዘመድ የሆነው ምንቃረ ቢጫ ዳክዬ በአገራችን ሐይቆች ይኖራል። በእርሱ ዘንድ ወንዱና እንስቷ በመልክ አይለያዩም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚታየው የግብጽ ዝይ ደግሞ ጫጩቶቹን አባትና እናት አብረው ያሳድጋሉ፤ ለብላቴናው ይህን ስንነግረው ጥቂት ተጽናና። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። በበጋ ወራትም በዝዋይና በሌሎች ሐይቆች ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች ይታያሉ። ስለዚህ ልጆችን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች ሆይ፣ በአካባቢያችሁ ውኃ ካለ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ ካሜራ ግድ አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጫጩቶቹን ቁጥር፣ እናቲቱ የምታደርገውን ይጻፉ። ቁጥሩ ሲጎድል ልጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ መምህሩ አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል፤ እኛ ሳናስብበት ተይዘናልና።

ከሚያዝያ 19 በኋላ ከቦዩ ማዶ፣ በወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን። ግንቦት 1 ቀን በደብተሩ የተጻፈው 8 ነበር፤ አንዱን አዝጋሚ የውኃ ኤሊ ከሥር ስቦ ሲወስደው አይተናል። ግንቦት 12 ቀን 6 ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጸና፤ አንገታቸው ረዘመ፣ ቢጫው ጠፍቶ ቡናማ ላባ ወጣ፣ በእናታቸው ክንፍ ሥርም አልበቃ አሉ። በሰኔ ወር አረንጓዴ ራስ ያላቸው ወንዶች ከውኃው የጠፉ መስሎን ነበር። ልጁ ግን ምንቃራቸው ቢጫ የሆነ «እንስቶች» እንዳሉ አስተዋለ። ወንዶቹ ነበሩ፤ በዚያ ወቅት ያጌጠ ላባቸውን ጥለው እንስቷን ይመስላሉ፣ የክንፋቸውም ላባ ስለሚረግፍ ለጥቂት ሳምንታት መብረር አይችሉም።

ሰኔ 10 ቀን፣ ማለትም ከተፈለፈሉ በ54ኛው ቀን ገደማ፣ ስድስቱ ከእናታቸው ጋር በቦዩ ርዝመት እየተንደረደሩ ክንፋቸውን ሲሞክሩ አገኘናቸው። አምስቱ ከውኃው ተነሥተው ከዛፎቹ በላይ ወደ ፖቶማክ ዞሩ። ስድስተኛው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ወረደ። ብላቴናው በደብተሩ ላይ «5» ሊጽፍ ጀምሮ አቆመ፤ እርሳሱን ይዞ ጠበቀ። ካሜራው በጉልበታችን ላይ ነበር፤ ርቀቱ ግን ለሌንሳችን አይመችም ነበር፤ መቅረብም አላሰብንም። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ።